«እየተቋቋምነው ነው»

እኛ አገር ሰላምታው ረጅም ነው። እንጅባራ መናኸሪያ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ልብ ብለህ አይተህ ታውቃለህ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ፈረሱ ሳይቀር አንድ በአንድ ይጠየቃል። መልሱ ግን ያው ነው፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

ስለዚህች መልስ አንድ ታሪክ ልንገርህ። በሰሜን አሜሪካ ሱፒሪየር የሚባል ሐይቅ አለ፤ ስፋቱ ጣናን ከ20 ጊዜ በላይ ያጥፋል። በዚያ ሐይቅ ላይ ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ የምትባል በእንፋሎት የምትሠራ የጭነት መርከብ ነበረች። በ1950 ዓ.ም. ውሃ ላይ ስትወርድ በአካባቢው ሐይቆች ከነበሩት መርከቦች ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች። ርዝመቷ 222 ሜትር፣ ማለትም ሁለት የኳስ ሜዳ ተቀጣጥሎ አያክላትም። ለ17 ዓመት የብረት ማዕድን ወደ ፋብሪካ ከተሞች ስታመላልስ ኖረች። የደንገል ታንኳ አይደለችም እኮ፣ ብረት ናት!

ጥቅምት 29 ቀን 1968 ዓ.ም. ከ26,000 ቶን በላይ ጭና ወደ ዲትሮይት ተነሣች። ለእኛ ጥቅምት ሰማዩ የሚጠራበት፣ ጤፉ የሚያዛባበት ወር ነው፤ እዚያ ግን የማዕበል ወቅት ነው። በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ካፒቴኑ ማክሶርሊ ከኋላው ለምትከተለው አንደርሰን ለምትባል መርከብ በሬዲዮ ተናገረ፤ የአየር መተንፈሻዎቹ ሁለቱ ተወስደዋል፣ መርከቧ ወደ ጎን አዘንብላለች፣ ፓምፖቹ ውሃ እያወጡ ነው። ቀጥሎ ራዳሩ ጠፋ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ከአንደርሰን «ያ ችግራችሁ እንዴት ሆነ?» ተብሎ ተጠየቀ።

«እየተቋቋምነው ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም። የድረሱልን ጥሪም አልተሰማም። መርከቧ ለሁለት ተሰብራ 160 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኛች፤ 29ኙም ሰዎች አለቁ። ውሃው በየት እንደ ገባ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በ1987 ዓ.ም. ደወሏን አውጥተው፣ በምትኩ የ29ኙ ስም የተቀረጸበት ሌላ ደወል እታች አኖሩላቸው።

ካፒቴኑን ለመውቀስ አይደለም፤ የሐይቁ አሮጌ ሰው ነበር፣ ምናልባትም ያለው ነገር እውነት መስሎት ይሆናል። እኔ የምጠይቀው አንተን ነው። ያ ተስፋ ያደረግህበት የዲከረንስ ተክል በበሽታ ደርቆ፣ ብድሩ ደጅህ ቆሞ፣ ወይም ማታ ማታ ሚስትህ እንዳትሰማ ስታለቅስ፣ ጠዋት ገበያ ላይ «ደህና» ያልከው ለማን ብለህ ነው? እህቴ፣ አንቺስ? ኃጢአትን በምስጋና ቃል ሸፍነን ስንት ዓመት ተጓዝን! አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥማ ይብሳል፤ «ሃሌ ሉያ፣ ደህና ነኝ» እንላለን።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ ደቀ መዛሙርቱን እይ። ከእነርሱ መካከል ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ የሐይቁን ጠባይ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ታንኳይቱ በውሃ ስትሞላ ግን ሙያችን ይበቃናል አላሉም። ተኝቶ የነበረውን ኢየሱስን ቀሰቀሱት። አነጋገራቸውም የጨዋ ልመና አልነበረም፣ ወቀሳ ነበር፤ መጥፋታችን አያሳስብህም ወይ ነው ያሉት። እሱ ግን እምነታቸውን የጠየቀው ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ተነሥቶ ነፋሱን ገሠጸ!

ወዳጄ፣ አሁን ብቻህን ከሆንክ፣ በአገውኛም ይሁን በአማርኛ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ እንዲህ በለው፦

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ለሰው ደህና ነኝ ብያለሁ፤ ደህና አይደለሁም። ውሃው ገብቷል፣ እኔም አልቻልኩትም። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ፣ ግባና አድነኝ። አሜን።