የልደትን መዝሙር ስለ መስማት



በክርስቲያን አገር ሁሉ የልደት በዓል ያለ ዜማ አይከበርም። ሰው አዲስ ልብስ ባያገኝ፥ ለገበታውም ሥጋ ቢጐድልበት፥ መዝሙሩን ለመስማት ዋጋ አይጠየቅም። ስለዚህ ከበዓሉ ደስታ መካከል ለድኃውም ለባለጠጋውም እኩል የሚደርሰው በጆሮ የሚገባው ነው። ነገር ግን በየዓመቱ የሚሰማ ነገር ይለመዳል፤ የተለመደ ነገርም ይረሳል። ሰሚው ቃሉን ያውቃል፥ ዜማውንም ያውቃል፤ ማን እንደ ደረሰው፥ በምን ዘመንና በምን ችግር ውስጥ እንደ ተደረሰ ግን አይጠይቅም። በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ዕለት ዕለት ውሃውን እየጠጣ ምንጩን ሳያይ እንደሚሞት፥ የመዝሙርም ነገር እንዲሁ ነው።

መልካም መስማት ከመጠየቅ ጋራ የሚሄድ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን፥ በኦስትሪያ አገር አንድ ቄስና አንድ የመንደር አስተማሪ የሠሩት ሥራ ታሪክ አለ። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከሳልዝቡርግ ከተማ በስተ ሰሜን፥ በሳልዛህ ወንዝ ዳር ኦበርንዶርፍ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በቀድሞ ዘመን የብዙው ሕዝቧ መተዳደሪያ በሐላይን ከተራራ የሚወጣውን ጨው በጀልባ ጭኖ በወንዙ ማውረድ ነበረ። ናፖሌዎን ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋራ ያደረገው ጦርነት በ1815 ዓ.ም. ሲያልቅ ያ አገር ደኽይቶ ነበር። በ1816 ዓ.ም. የሳልዝቡርግ ግዛት ለኦስትሪያ መንግሥት በተሰጠ ጊዜ ወንዙ የሁለት መንግሥታት ወሰን ሆነ። ከወንዙ ማዶ ያለችው ላውፈን ለባቫርያ መንግሥት ስለ ቀረች ኦበርንዶርፍ ከእናት ከተማዋ ተለየች፤ ትናንት ጎረቤት የነበረውም ሰው የውጭ አገር ሰው ሆነ። ደግሞ በ1815 ዓ.ም. በእስያ ደሴቶች የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የፀሐይን ሙቀት ስለ ጋረደ፥ በሚመጣው ዓመት በኤውሮፓ የበጋው ወራት እንደ ክረምት ብርድ ሆነ፤ በብዙ አገርም እህል ሳይበስል ቀረ፥ ረኃብም መጣ።

በዚያ በክፉው ዓመት ማርያፕፋር በምትባል የተራራ መንደር ዮሴፍ ሞር የሚባል ወጣት ቄስ ያገለግል ነበር። ይህ ቄስ በ1792 ዓ.ም. በሳልዝቡርግ ከአንዲት ሹራብ እየሠራች ከምትኖር ድኃ ሴት ተወለደ። አባቱ ወታደር ነበረ፤ እናትና ልጅንም ጥሎ ሄደ። የልጁን መልካም ድምፅ የተመለከተ አንድ የካቴድራል የዜማ መሪ ተቀብሎ አስተማረው፤ በ1815 ዓ.ም. የቅስና ማዕርግ ተቀበለ። በ1816 ዓ.ም. ስለ ልደት ሌሊት ጸጥታና ሰላም የሚናገር ስድስት ክፍል ያለው ግጥም ጻፈ። ግጥሙ ግን ዜማ አልነበረውም። በሚመጣው ዓመት ወደ ኦበርንዶርፍ ተዛውሮ ሲመጣ ያንን ወረቀት ይዞት መጣ።

ከኦበርንዶርፍ ጥቂት ራቅ ብላ ባለችው በአርንስዶርፍ መንደር ደግሞ ፍራንስ ክሳቨር ግሩበር የሚባል አስተማሪ ነበረ። እርሱም በ1787 ዓ.ም. ከበፍታ ሸማኔ ቤት ተወለደ። አባቱ ልጁ የሽመናን ሥራ እንዲወርስ ይፈልግ ነበር፤ ነገር ግን የመንደሩ መምህር የልጁን ዝንባሌ አይቶ ሙዚቃን አስተማረው። ግሩበር በ1807 ዓ.ም. በአርንስዶርፍ አስተማሪ ሆነ። በዚያ ዘመን የመንደር አስተማሪ ሥራ ፊደል በማስቈጠር ብቻ የሚያልቅ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያኑን መጠበቅም ኦርጋን መምታትም የእርሱ ድርሻ ነበር። ኦርጋን ማለት በነፋስ ኀይል የሚጮኽ፥ ብዙ ቧንቧ ያለው ትልቅ የዜማ መሣሪያ ነው። ግሩበር ኑሮውን ለመደጐም በኦበርንዶርፍም የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታ ነበር።

በ1818 ዓ.ም. ታኅሣሥ 24 ቀን፥ በልደት ዋዜማ፥ ቄሱ ግጥሙን ለአስተማሪው ሰጠውና ለሁለት ድምፅ፥ ለመዘምራንና ለጊታር የሚስማማ ዜማ እንዲያወጣለት ለመነው። ጊታር እንደ ክራር በጣት የሚመታ ባለ ስድስት ጅማት መሣሪያ ነው። አስተማሪው ዜማውን በዚያው ቀን ጨርሶ አመጣ። በዚያችም ሌሊት ቄሱ ጊታሩን እየመታ በቀጭን ድምፅ፥ አስተማሪው በወፍራም ድምፅ ሆነው ዘመሩ፤ መዘምራኑም ተቀበሉአቸው። «ጸጥ ያለች ሌሊት» ተብሎ በዓለም የታወቀው መዝሙር በመጀመሪያ የተሰማ በዚህ ዓይነት ነው። የሰሙትም የነገሥታት መኳንንት አልነበሩም፤ የኦበርንዶርፍ ምእመናን ነበሩ።

በዚያች ሌሊት በኦርጋን ፈንታ ጊታር ስለምን ተመታ? የሚለውን ለመመለስ ኋላ የተነሡ ጸሓፊዎች የኦርጋኑን ወናፍ አይጥ በልቶት ነበር የሚል ወሬ ጨመሩ። ግሩበር ራሱ በጻፈው ቃል ግን ይህ ነገር አይገኝም። ምንጩን የማይጠይቅ ሰሚ እውነተኛውን ነገር ሲያጣ በቦታው ተረት ያስገባል።

ከዚያ በኋላ መዝሙሩ በሰው ጆሮና በሰው አፍ ተጓዘ። ካርል ማውራኸር የሚባል ከሲለርታል አገር የመጣ የኦርጋን ሠሪ በኦበርንዶርፍ ሲሠራ አገኘውና ወደ አገሩ ወሰደው። የሲለርታል ሰዎች ጓንት እየሰፉ በየገበያው የሚሸጡ፥ በዘፈናቸውም የታወቁ ነበሩ። ከእነርሱ የሽትራሰር ቤተ ሰብ የተባሉት ለንግድ ወደ ላይፕሲግ በሄዱ ጊዜ በ1830ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ በዚያ ዘመሩት። ራይነር የሚባሉ ሌሎች ዘማሪዎችም በ1839 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ አሰሙት። በድሬስደን ከተማ በታተመ ጊዜ ግን የቲሮል አገር ሰዎች ዘፈን ተባለ እንጂ የቄሱም የአስተማሪውም ስም አልተጻፈበትም። በየመንገዱም ዜማው ከመጀመሪያው ጥቂት ጥቂት ተለወጠ።

ሥራው ሲታወቅ የሠሪዎቹ ስም ጠፋ። ዮሴፍ ሞር በየመንደሩ ሲዛወር ኖሮ በ1848 ዓ.ም. በቫግራይን በድኽነት ሞተ፤ በዚያም ሳለ የድኃ ልጆች እንዲማሩ ይደክም ነበር። የመዝሙሩ ዝና እያደገ ሲሄድ ብዙ ሰዎች «እንዲህ ያለ ዜማ የታወቀ ሊቅ ካልሆነ በቀር ሌላ ሊያወጣው አይችልም» ብለው አሰቡ። ስለዚህ ሚካኤል ሃይድን ለተባለው ለታላቁ የሙዚቃ ሊቅ ሰጡት። መንደር እንዲህ ያለውን ነገር ሊያፈራ ይችላል ብሎ የሚገምት ሰው አልነበረም።

ነገር ግን በመጨረሻ የጠየቀ ሰው ተገኘ። በ1854 ዓ.ም. በበርሊን የንጉሡ ቤት ቤተ ክርስቲያን የዜማ ክፍል መዝሙሩ በእውነት የሃይድን ሥራ እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ሳልዝቡርግ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ገዳም ጻፈ። በዚያ ገዳም ከሚዘምሩት ልጆች አንዱ የግሩበር ልጅ ፌሊክስ ነበረ፤ ጥያቄውም በእርሱ በኩል ለአባቱ ደረሰ። ግሩበር በዚያን ጊዜ በሐላይን የዜማ መሪ ሆኖ የሚኖር የ67 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። በ1854 ዓ.ም. ታኅሣሥ 30 ቀን ብዕሩን አንሥቶ ነገሩ በየት፥ መቼና እንዴት እንደ ሆነ በአጭር ቃል ጻፈ። በዚያም ጽሑፍ ለራሱ ብቻ አልመሰከረም፤ ግጥሙ የዮሴፍ ሞር እንደ ሆነ፥ ዜማውንም በእርሱ ልመና እንዳወጣው አስታወቀ። ሞር ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበርና ስለ ራሱ ሊናገር አይችልም ነበር። ግሩበርም በ1863 ዓ.ም. ሞተ።

ከዚህ በኋላም የሚጠራጠሩ አልጠፉም። በ1995 ዓ.ም. ግን ሞር በገዛ እጁ የጻፈው የመዝሙሩ ወረቀት ተገኘ። በወረቀቱ ላይ ግጥሙ የራሱ እንደ ሆነና በ1816 እንደ ተጻፈ፥ ዜማው ግን የግሩበር እንደ ሆነ ተጽፎበታል። እንግዲህ አስተማሪው በወረቀቱ ለቄሱ መስክሯል፤ ቄሱም በወረቀቱ ለአስተማሪው መስክሯል። ሁለቱም ወረቀቶች ባይኖሩ ኖሮ የሁለቱ ድኆች ሥራ በሌላ ሰው ስም ይቈጠር ነበር።

የኦበርንዶርፍ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን በውሃ ሙላት ብዛት ተጐድቶ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፈረሰ፤ በቦታው ትንሽ የጸሎት ቤት ተሠርቶ በ1937 ዓ.ም. ተባረከ። መዝሙሩ ግን አልፈረሰም። በ1914 ዓ.ም. በልደት ሌሊት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምዕራቡ ግንባር የጀርመንና የእንግሊዝ ወታደሮች በየምሽጋቸው ሆነው በዘመሩ ጊዜ፥ ከተሰሙት መዝሙሮች አንዱ ይህ እንደ ነበረ በቦታው የነበሩ ሰዎች ተርከዋል። በአንዳንድ ስፍራም ተኩሱ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ጠላት የጠላቱን መዝሙር ጸጥ ብሎ መስማቱ፥ መስማት ምን ያህል ኀይል እንዳለው ያስረዳል።

ዛሬ ይህ መዝሙር በራዲዮና በእጅ ስልክ ከየቤቱ ይገባል። በኤውሮፓና በአሜሪካ ከተሞችም ከበዓሉ ሳምንታት ቀድሞ በየሱቁ ይሰማል። ድምፁ በዝቷል፤ አድማጩ ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በሥራና በወሬ መካከል የሚያልፍ ዜማ ጆሮን ይነካል እንጂ ከልብ አይደርስም።

ታሪኩ የሩቅ አገር ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ለኢትዮጵያ መንደር ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በልደት ሌሊት የሚሰማው ማሕሌት ባለቤት አለው። ሊቃውንቱ ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣሉ፤ የዜማውንም ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ስላበጁት ስለ አዛዥ ጌራና ስለ አዛዥ ራጉኤል ይናገራሉ። የድጓ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ለብዙ ዓመት ሲሰማ፥ ዜማውን ብቻ ሳይሆን ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈም ጭምር ይማራል። ይህ የመልካም መስማት ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ በአገሩ አለ።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ግን ሌላ ሀብት አለ። በገና ሰሞን ጎረምሶች በሜዳ ሩሩን በገና ዱላ እየመቱ የሚሉት ዘፈን፥ እረኞች የሚቀባበሉት ግጥም፥ እናቶች በየቤቱ የሚያሰሙት ዜማ በየአገሩ ይለያያል። ከዚህ ብዙው በወረቀት አልሰፈረም። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት በሞቱ ጊዜ አብሮ የሚቀበር ግጥም አለ። ልጆቹም ከሩቅ በመሣሪያ የሚመጣውን ድምፅ እየሰሙ ያደጉ ከሆነ፥ የአያታቸው ዜማ እንደ ጠፋ እንኳ አያውቁም።

ስለዚህ መምህሩ የገና በዓል ሳይደርስ ተማሪዎቹን እንዲህ ብሎ ይዘዝ፦ እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ወይም በጎረቤቱ ካለ ትልቅ ሰው ፊት ተቀምጦ አንድ የበዓል ዘፈን እስኪያልቅ ጸጥ ብሎ ይስማ። ከዚያ በኋላ ከማን እንደ ተማሩት፥ በየትኛው ስፍራ እንደሚባልና ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ በትሕትና ይጠይቅ። የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ በደብተሩ ይጻፍ፤ ከግርጌውም የነገረውን ሰው ስም ከነመንደሩ፥ ቀኑንም ጭምር ያስፍር። ደራሲው የማይታወቅ እንደ ሆነ የማይታወቅ ብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት ስም አይስጥ። ሽማግሌዎችም ልጁ ሲመጣ «ይህ የልጅ ጨዋታ ነው» ብለው አይመልሱት፤ የሚያውቁትን ያሰሙት፥ የረሱትንም ከእኩዮቻቸው ጠይቀው ይሙሉለት።

ግሩበር በዚያ ዋዜማ ወረቀቱን ሲቀበል ለአንዲት ሌሊት የሚሆን ሥራ እንደ ተሰጠው አስቦ ሊሆን ይችላል። ከ36 ዓመት በኋላ ግን የጻፋት አጭር ምስክርነት የራሱንና የባልንጀራውን ስም አተረፈች። በየትምህርት ቤቱም ልጆች የሚጽፉት ደብተር እንዲሁ ነው። የሚጠቅመው ግን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ሲጻፍ ነውና፥ መጪው ገና ሳያልፍ ይጀመር።