ግፍ በቀልን ያጸድቃልን?



በዚህ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው፥ ነገር ግን ከባድ ነው። ይኸውም፤ መንግሥት ግፍ ሲሠራ የተገፋው ሰው በደም ቢመልስ፥ ግፉ ምክንያት ብቻ ይሆናልን ወይስ ከበደልም ያነጻዋል? የሚል ነው።

ምክንያት መሆኑን የሚክድ የለም። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይባላልና። ስለ ጭብጦ ልብ የሚቃጠል ከሆነ፥ ስለ አገርና ስለ ደም እንደምን አይቃጠል? የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ወረረ፤ የመርዝ ጋዝ ከአየር አፈሰሰ፤ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስን በጥይት ገደለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ስለ መጣላቸው ሲመረምር ይህን ሁሉ የማይቆጥር ዳኛ፥ ዳኛ አይባልም።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እናስተውል። እነርሱ የፈለጉት ጦሩን የሚያዘውን ሹም ነበር። ፋሺስቶች ግን ጣዮቹን ባጡ ጊዜ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን በእሳት፥ በጩቤና በጥይት ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጁ። በግንቦትም ወር ወደ ደብረ ሊባኖስ ዘመቱ፤ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ በላከው ቃል እንኳ 297 መነኮሳት፥ ኋላም 129 ዲያቆናት ተረሸኑ። ምክንያት ያደረገውም ያንኑ ቦምብ ነበር።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ነው። መጎዳት ብቻውን የሚያጸድቅ ከሆነ፥ ቆስሎ ነበርና ግራዚያኒም ጻድቅ ነኝ ይላል። ቦምብ ያልጣለውን መነኩሴ ስለ ቦምቡ መግደል ግፍ ከሆነ፥ ማንንም ያልረሸነውን ጣሊያናዊ ግንበኛ፥ ሚስቱንና ልጁን ስለ ደብረ ሊባኖስ መግደልም ግፍ ነው። ሚዛኑ አንድ ነውና። አርበኛ መሣሪያ ይዞ የመጣበትን ይከላከላል፤ ደም በቃይ ግን በደለኛውን ሲያጣ በቋንቋና በዘር የሚመስለውን ይፈልጋል።

ዳዊትም በንጉሥ ሳኦል ሲሳደድ፥ በዋሻው የልብሱን ዘርፍ ቈረጠ እንጂ አልገደለውም። በደሉን ግን ዝም አላለም፤ ከዋሻው ወጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ በፊቱ ከሰሰው።

ግፍ ሰውን ለበቀል ግድ ይለዋል የሚል ቢኖር፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.ን ያስብ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ቀን፥ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ሕዝቡን አዘዙ። የተቃጠለው ቤት ገና አልተረሳም፤ ብዙ ጣሊያኖችም ከነቤተ ሰባቸው በከተማው ነበሩ። የተፈራው እልቂት ግን አልሆነም። ምክንያቱ ሙሉ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን ምክንያትን ዳኛ አድርጎ አልሾመም።

በቅኔ ቤት ያለ ሰም ወርቅ አይገኝም፤ በሰሙ የቀረ ግን ቅኔውን አላወቀም። ምክንያት ሰም ነው፥ ፍርድ ወርቅ ነው። ስለዚህ አባቶቼ፥ የተገፋ ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ በደሉን እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ግፈኛውንም ገሥጹለት፤ በንጹሕ ደም ላይ ግን እጁን እንዲያነሣ አትፍቀዱለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።