ሳይመረት የቀረው ቦምብ ጣይና የእኛዋ «ፀሐይ»
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪ የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን እንድናገርበት የመረጥሁት ነገር፥ ለሙከራ ተሠርቶ፥ በርሮ፥ ነገር ግን በፋብሪካ ሳይመረት ስለ ቀረ አንድ ቦምብ ጣይ የጄት አይሮፕላን ነው። «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን እስከ መጨረሻው እንድትሰሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከሰማይ የሚወርድ ቦምብ ለጎጃም ሰው ከመጽሐፍ የተገኘ ወሬ አይደለም። አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን በአርበኝነት በተጋደሉባቸው በአምስቱ የጠላት ዓመታት የጣልያን አይሮፕላን በላያቸው ይመላለስ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ቡሬ ከጠላት እጅ ስትወጣም ሰማዩ ገና የወዳጅ ሰማይ አልነበረም። ስለዚህ የመጣሁት የጦር መሣሪያን ለማወደስ አይደለም። የመጣሁት፥ አንድ ሥራ ሳይሳካ ሲቀር ያስተማረው ትምህርት ወዴት እንደሚሄድ አብረን እንድንመረምር ነው።

የአይሮፕላኑ ስም ኤክስ ቢ 51 ይባላል። በአሜሪካኖች አጠራር «ኤክስ» የሚለው ፊደል ለሙከራ መሠራቱን፥ «ቢ» የሚለው ደግሞ ቦምብ ጣይ መሆኑን ያመለክታል። የሠራው ማርቲን የተባለው የአሜሪካ አይሮፕላን ፋብሪካ ሲሆን፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1949 ነው። ሦስት የጄት ሞተሮች ነበሩት፤ ሁለቱ ከፊት በኩል ከሆዱ ግራና ቀኝ የተሰቀሉ፥ ሦስተኛው በጅራቱ ውስጥ የተቀመጠ። ክንፎቹ ወደ ኋላ የተጣሉ ነበሩ፤ ሲነሣና ሲያርፍም አብራሪው የክንፉን አቀማመጥ ማዘንበል ይችል ነበር። በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ስለ ነበር፥ በዘመኑ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት ወገን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብልሃት የታየበት ግን የቦምብ ማስቀመጫው መዝጊያ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ቦምብ ጣዮች ሆዳቸውን እንደ ሁለት ተካፋች በር ወደ ታች ይከፍቱ ነበር። አይሮፕላኑ በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር ግን የተከፈተው በር ከነፋሱ ጋር እየተጋጨ መላ አካሉን ያንቀጠቅጠዋል። የማርቲን መሐንዲሶች ቦምቡን በመዝጊያው ውስጠኛ ገጽ ላይ አሰሩትና፥ መዝጊያው ራሱ በዘንግ ላይ እንዲገለበጥ አደረጉ። ሲገለበጥ ውስጡ ውጭ፥ ውጩም ውስጥ ይሆናል፤ ተከፍቶ የሚቀር ጉድጓድ ስለሌለ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

ታዲያ ይህን የመሰለ አይሮፕላን ለምን ሳይመረት ቀረ? እ.ኤ.አ. በ1951 መጀመሪያ ላይ ከሌሎች አይሮፕላኖች ጋር ለውድድር ቀረበ። ዋናው ተወዳዳሪው ካንቤራ የሚባል የእንግሊዞች ቦምብ ጣይ ነበር። ካንቤራ በፍጥነት አይበልጠውም፤ ነገር ግን በአየር ላይ ብዙ ጊዜ ይቆያል፥ በቀላሉም ይታጠፋል። የኤክስ ቢ 51 ክንፍ ግን ኃይለኛ መታጠፍን አይችልም ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል የሚፈልገው ደግሞ በሌሊት ከጠላት በላይ ቆይቶ የሚፈልግ አይሮፕላን ስለ ነበረ፥ ፈጣኑ ተሸንፎ ቀርፋፋው አሸነፈ። ከዚህ የምንረዳው፥ አንድ መሣሪያ በአንድ ነገር መብለጡ እንደማይበቃና ለተፈለገበት ሥራ መስማማት እንዳለበት ነው።

የተሠሩት ሁለት ኤክስ ቢ 51 አይሮፕላኖች ብቻ ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1952፥ ሌላው በ1956 ወድቀው ተሰባበሩ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ዛሬ አንድም የተረፈ የለም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ውድድሩን ያሸነፈውን ካንቤራ በአሜሪካ አገር እንዲሠራ የታዘዘው ራሱ የተሸነፈው የማርቲን ፋብሪካ ሆነ። አይሮፕላኑም ቢ 57 ተባለ። መሐንዲሶቹ ሽንፈታቸውን ይዘው አላኮረፉም፤ ያንን የሚገለበጥ መዝጊያ ከወደቀው ሥራቸው አውጥተው በቢ 57 ላይ ገጠሙት። አይሮፕላኑ ሞተ፤ ብልሃቱ ግን በሌላ አይሮፕላን ሆድ ውስጥ ገብቶ ብዙ ዓመት በረረ።

ይህ ለእኛ ገበሬዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ሞፈር ሲሰበር ገበሬው ማረሻውንና ወገሉን አውልቆ ለአዲሱ ሞፈር ያደርገዋል እንጂ ሁሉን በአንድነት አይጥልም። በአዴት የግብርና ምርምር ማእከልም ቢሆን በሙከራ መደብ ላይ የሚዘራው ዘር ሁሉ ለገበሬ አይደርስም፤ የቀረው ዘር ለምን እንደ ቀረ ግን በመዝገብ ይጻፋል። የሚቀጥለው ሙከራ የሚነሣው ከዚያ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ካንቤራ እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል፤ አየር ኃይላችን አራት ያህል ከእንግሊዝ ገዝቶ ነበር። ሆኖም ከመግዛት በፊት የመሥራት ሙከራም ነበረን። በ1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት ቀላል አይሮፕላን ሠራ። ሁለት ሰው የምትይዝ ነበረች፤ ሞተሯ ከውጭ አገር የመጣ ሲሆን ገጣጥሞ መሥራቱ በአገር ውስጥ ተፈጸመ። «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስምም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች። ጄት አልነበረችም፥ ቦምብ ጣይም አልነበረች፤ ነገር ግን እንደ ኤክስ ቢ 51 ለሙከራ ተሠርታ ሳትመረት የቀረች አይሮፕላን ናት።

«ፀሐይ» እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1935 በረረች። ከአምስት ወር ያህል በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። አይሮፕላኗን ማርኮ ወደ ጣልያን አገር ወሰዳት፤ ኋላም በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀመጠች። ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

ጓደኞቼ፥ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከኤክስ ቢ 51 አንድ ብረት እንኳ ሳይተርፍ ብልሃቱ ተረፈ፤ የሠሩት ሰዎችና ፋብሪካቸው በቦታቸው ነበሩና። «ፀሐይ» ግን በማንም ውድድር አልተሸነፈችም፤ አካሏም ደህና ሆኖ ተመልሶልናል። ያልተመለሰው በእነዚያ ጥቂት ወራት የተጀመረው የእጅ ሙያ ነው። ሠራተኛው ተበተነ፥ ሥራው ተቋረጠ፥ ሁለተኛ እኅትም ሳትሠራላት ቀረች። ስለዚህ ዕቃው ከመጥፋቱ ይልቅ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚሻገረው ዕውቀት መቋረጡ የበለጠ ጉዳት ነው።

የእነርሱን ሥራ ያቋረጠው ጦርነት ነበር። የእኛን ግን ቸልታ ብቻ ሊያቋርጠው ይችላል። በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በየዓመቱ የውሃ መሳቢያ፥ የፀሐይ ምድጃ፥ የነፋስ መዘውር ሞዴል ይሠራሉ። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ሞዴሉ ይፈርሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ተማሪ ያንኑ ከሀ ይጀምራል፥ በዚያው ቦታም ይሰናከላል።

ስለዚህ በበዓሉ ምክንያት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ትልቅ መዝገብ ይከፈት። እያንዳንዱ ተማሪ ምን ለመሥራት እንዳሰበ፥ ምን እንደ ለካ፥ በምን ዕቃ እንደ ሠራ፥ በየትኛው ላይ እንዳልሆነለት ይጻፍበት። ያልሆነለት ሁሉ ከሆነለት እኩል ቦታ ይሰጠው። መምህራን ሆይ፥ ማርክ ስትሰጡ ያልሠራውን ሞዴል ምክንያቱን አጥርቶ የጻፈውን ተማሪ አስቡት። ወላጆቻችን፥ ልጃችሁ ሰባት ጊዜ ፈትቶ ሰባት ጊዜ ሲገጥም ብታዩት «በከንቱ ደከመ» አትበሉት፤ «ምን አገኘህበት?» ብላችሁ ጠይቁት።

መዝገቡ ወረቀትና እስክርቢቶ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመጀመሪያውን ገጽ የዘንድሮ ተማሪዎች እንድንጽፍ ዝግጁ ነን።