የቤት ወጪ ከምኑ ላይ ይቀነስ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በገንዘብ ያዡ የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ፣ አንድ ወንድ ተነሥቶ ስለ ወጥ ቤት ሲናገር ሴቶቻችን ቢስቁብኝ እንደማልቀየም አስታውቃለሁ። ሊቀ መንበራችን ስለ ኑሮ ውድነት አንድ ነገር እንድናገር ሲያዙኝ፣ እኔስ ባለቤቴ ብትናገር ይሻላል ብዬ ጠይቄያት ነበር። እርሷ ግን «ደብተሩን የጻፍከው አንተ፣ የምትናገረውም አንተ» ብላ መለሰችኝ። ስለ ደብተሩ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከመዋጮ መዝገብ ነው። ገንዘብ ያዥ እንደ መሆኔ መጠን ማን ወሩ እንደ ገባ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያዘገይ አውቃለሁ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን አዘግይተው የማያውቁ ሰዎች ስም በውዝፍ ገጽ ላይ መታየት ጀመረ። ስም አልጠራም። ከነዚህም መካከል አንዲት እናት የ4 ወር ውዝፍ ስለ ተገኘባቸው፣ ጉዳዩ በደንቡ መሠረት ወደ ኮሚቴው ከመቅረቡ በፊት ላነጋግራቸው ቤታቸው ሄድሁ። ቡና አፈሉልኝ። ነገሩን ባነሣባቸው፣ «ልጄ፣ ሬሳዬን ማንም ሜዳ ላይ አይጥለው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉትን ላብላ» አሉኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልስ አጣሁ። ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚቀንሰው ዛሬ የማይጮኽበትን ወጪ ነው። የቤት ኪራይ ይጮኻል፣ ልጅ ይጮኻል፤ ዕድር ግን ቀኑ እስኪደርስ ዝም ይላል። እንግዲህ ከዕድሩ ሌላ የሚቀነስ ነገር የለም ወይ? ብዬ እያሰብሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

የኑሮ ውድነት ለዚህ ሰፈር አዲስ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸውን፣ ከዚያም በኋላ ስኳር ለመግዛት የቀበሌ ሱቅ በር ላይ መሰለፋችንን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። የአሁኑ ግን ከየአቅጣጫው መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዘይትም ሆነ መድኃኒት እርሱን ተከትሎ ወጣ። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተወሰነ። የእኛ ጡረታ ግን በዚያ ፍጥነት አይሮጥም። ይህን ማስቆም በእጃችን አይደለም፤ ስለዚህ በእጃችን ስላለው ብቻ ልናገር።

አሁን ወደ ደብተሩ። ባለቤቴ ወድቃ እጅዋ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ወር ሙሉ ገበያ የወጣሁትም፣ ምድጃ ያቀጣጠልሁትም እኔ ነኝ። የቢሮ ሰው ስለ ነበርሁ የገዛሁትን ሁሉ ጻፍሁ። በወሩ መጨረሻ ደምሬ ስመለከት ያስገረመኝ የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የመመላለሴ ብዛት ነው። በ30 ቀን ውስጥ 19 ጊዜ ዘይት ገዝቻለሁ፤ ሁልጊዜም በትንሽዋ የሃይላንድ ጠርሙስ። ከሰል 22 ጊዜ፤ በፌስታል። ሽንኩርት በሩብ ኪሎ። በሩብ ኪሎ የሚገዛ ሰው አንድ ኪሎ ሲሞላለት፣ በአንድ ጊዜ ከገዛው ጎረቤቱ የበለጠ ከፍሎ ያገኘዋል። ሚዛኑም አለ። አንድ ቀን ነገሩ አላምርህ ብሎኝ፣ በአራት ቀን የገዛኋቸውን አራት ሩቦች ሰብስቤ ሌላ ቦታ ባስመዝን አንድ ኪሎ አልሞሉም። ባለሱቁን አልተጣላሁትም፣ ግን ወደዚያ መሄድ ተውሁ። በአጭሩ፣ ድኻ የሚገዛው ውዱን ነው። «በጅምላ ግዙ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ በጅምላ የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሰው መች ምክር ይፈልጋል?

እንግዲህ ከኪስ ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚቆጠበውን ላስቀድም፤ እርሱም እሳት ነው። በኤሌክትሪክ ከምንጠቀምባቸው ዕቃዎች ሁሉ እንደ እንጀራ ምጣድ የሚበላ የለም። የተለመደው ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። የታሪፉ የመጀመሪያ ርካሽ እርከን በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ብታሰሉት ምጣዱ ብቻውን 14 ሰዓት ያህል ቢሠራ እርከኑ አለቀ ማለት ነው፤ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ገና ሳይቆጠሩ። ከዚያ በላይ የሚነደው እርከን በወጣ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። ሦስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ጥቂት እየተጠቀመ በድምሩ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። የራሳችሁን ቆጣሪ ማስገባት የምትችሉ እርሱን አስቡበት።

ምጣዱ እስኪግል ድረስ የሚነደው መብራት አንድም እንጀራ አያወጣም። በየሁለት ቀኑ አምስት እንጀራ የምትጋግር ሴት ይህን ኪሳራ በየሁለት ቀኑ ትከፍላለች፤ በአምስት ቀን አንዴ አብዝታ ብትጋግር አንዴ ትከፍላለች። ባለቤቴ በታሰረ እጅዋ እያመለከተች ያስተማረችኝም አለ፦ ሊጡ ሁለት እንጀራ ያህል ሲቀረው ምጣዱን ማጥፋት፤ የቀረው በግለቱ ይበስላል። የመጀመሪያ ቀን የመጨረሻዋ እንጀራዬ ዓይን አላወጣችም፣ በሁለተኛው ግን ተሳካልኝ። አሁን ከጎረቤታችን ጋር ቀን ቆርጠን በአንድ ምጣድ ተከታትለን እንጋግራለን። ክፍያውን በእንጀራ ቁጥር እንካፈላለን፤ እስካሁን አልተጣላንም።

በከሰል ለምታበስሉ፣ ውስጡ ሸክላ ያለው ላቀች የሚባለው ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ሽምብራና ባቄላ ማታ ዘፍዝፋችሁ ብታሳድሩ ጠዋት ቶሎ ይበስላል። ድስት ይከደን። ከሰሉ ሳያልቅ ወጡ ከወረደ፣ የተረፈውን ፍም በአመድ ማዳፈን አያቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ እኛ ነን የረሳነው።

ስለ ጤፍ ደግሞ ብዙ የሚባል አለ። ነጭ ማኛ ካልሆነ እንግዳ ፊት አላቀርብም የሚል ሰው በመካከላችን አለ። ቀይ ጤፍ በብረት ማዕድን ከነጩ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ሰርገኛውም ያጠግባል። ማሽላ ወይም ሩዝ የሚቀላቅሉም አሉ፤ መጠኑ ከበዛ እንጀራው በማግሥቱ ይሰባበራል፣ እንግዲህ ጥቂት በጥቂት ነው። የደረቀውን ድርቆሽ ማድረግ እንጂ መጣል የለም። ልጆች ካሉበት ቤት ግን ከሽሮና ከምስር ላይ፣ ከተገኘም ከእንቁላሉ ላይ እንድትቀንሱ አልመክርም። እርሱ ቁጠባ አይደለም፤ በኋላ ሐኪም ቤት የሚከፈል ዕዳ ነው።

ቡናም እንዲቀር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ያቺ እናት ውዝፍ ይዘው ቡና ያፈሉልኝ ለምን ይመስላችኋል? ቡና ከቀረ ጎረቤት የጎረቤቱን ችግር የሚሰማበት ቦታ የለም። ነገር ግን በየቤቱ በየቀኑ ከሚፈላ በተራ ይፈላ፤ ሦስት ቤት ቢቀያየር ስኳሩም ዕጣኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ይኸኛው ነው። ከዚህ ዕድር 12 አባወራ ሆነን ባለፈው ዓመት ጤፍ በጋራ ከእህል በረንዳ አስመጣን። በጅምላ የሚገዛበት ገንዘብ የለም ብዬ ነበር፤ መፍትሔው እቁብ ሆነ። በየሳምንቱ አቅማችን የፈቀደውን እየጣልን፣ ገንዘቡ ሲሞላ ለአንድ ሰው ዕጣ ከማውጣት ይልቅ በኩንታል ጤፍ ገዝተን በኪሎ ተከፋፈልን፤ የጭነቱን ዋጋም አብረን ቻልን። ስሕተትም ሠርተናል። በመጀመሪያው ዙር ናሙናውን ከላይ ብቻ አይተን ስለ ገዛን ከሥር አፈርና ገለባ የበዛበት አንድ ጆንያ ገባብን። ሁለተኛውን ዙር ሁለት ሴቶች ሄደው እጃቸውን እስከ ክርናቸው እያስገቡ መረጡ፤ ከዚያ ወዲህ ወንድ አልተላከም።

አንዳንዶቻችሁ «ለምን የዕድሩ ገንዘብ ለዚህ አይውልም?» ብላችሁኛል። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይውልም። ጤፉ መንገድ ላይ እያለ ሰው ቢሞት ድንኳኑ ባዶ ሊቆም ነው? የሸመታው ሣጥን ለብቻው፣ የዕድሩ ሣጥን ለብቻው ይሁን፤ መዝገባቸውም አይገናኝ። ዕድሩ ሊያግዝ የሚችለው በሌላ ነው። ለቅሶ ቤት የምናቀርበው ምግብ ካለፈው ዓመት ወዲህ ንፍሮና አንድ ዓይነት ወጥ ብቻ እንዲሆን መወሰናችን መዋጮው እንዳይጨምር ረድቶናል። ሐዘንተኛው ግን «ሰው ምን ይለኛል» እያለ ለብቻው ተበድሮ ጠላና ሥጋ ሲጨምር ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። በዚህ ላይ ጉባኤው ዛሬ እንዲነጋገርበት አሳስባለሁ።

ያቺ እናት በሦስተኛው የጤፍ ዙር ገብተዋል። ከ4 ወር ውዝፋቸው የ2 ወሩን ከፍለዋል፤ የቀረውን ኮሚቴው እስከ ሰኔ እንዲታገሣቸው ጠይቄያለሁ፤ ውሳኔው ገና ነው።

ለሚቀጥለው ዙር የሚፈልግ ስብሰባው ሲያበቃ በበሩ በኩል ካለው ጠረጴዛ ላይ ይመዝገብ። የምንቀበለው 8 ሰው ብቻ ነው፤ የጋሪው ሰው ከዚያ በላይ አልጭንም ብሏል።