መሠዊያው ከጠፋ በኋላ፦ የዕብራይስጥ መዝሙራት በአምልኮ ውስጥ



ንግግሬን በአንድ ስሕተቴ እጀምራለሁ። መዝሙራትን ማስተማር በጀመርሁባቸው ዓመታት ግጥሞቹን በጽሑፍነታቸው ብቻ እተነትን ነበር። አንድ ቀን መዝሙር 136ን ስናነብ አንዲት ተማሪ፣ «አዝማቹ በ26ቱም ቍጥሮች የሚደጋገመው ገጣሚው ቃል አጥሮት ነውን?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ፣ አንዱ ወገን እንዲመራ ሌላው እንዲቀበል አደረግሁ። በወረቀት ላይ አሰልቺ የመሰለው ድግግሞሽ የጉባኤ ድምፅ ሆኖ ተሰማን። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ግጥሙ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን፣ ማን፣ የትና መቼ እንደሚለው ጭምር ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ ስብስብ መልስ አለው። «ታሚድ» የተሰኘው ክፍሉ እንደሚተርከው፣ በኢየሩሳሌም መቅደስ ሌዋውያን ለየዕለቱ የተመደበ መዝሙር ነበራቸው፤ ለእሑድ 24ኛው፣ ለሰኞ 48ኛው፣ እንዲህ እያለ ለሰንበት 92ኛው። ዝማሬው የሚጀመረው የመጠጥ ቍርባኑ ሲፈስስ ነበር። በየማረፊያው መለከት ይነፋል፤ ሕዝቡም ይሰግዳል። ስለዚህ ግጥሙ ከመሥዋዕቱ ጋር የተሳሰረ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን መቅደሱን አፈረሱ፤ መሥዋዕቱም ቆመ። ዝማሬውም አብሮ ዝም ይል ዘንድ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን እነዚያው ሰባት መዝሙራት እስከ ዛሬ በአይሁድ የጠዋት ጸሎት በየዕለታቸው ይነበባሉ። ስለ ምን?

እኔ ሁለት ምክንያት አያለሁ። አንደኛው በይዘቱ ውስጥ ነው። መዝሙር 50 እና 51 ከእንስሳ ደም ይልቅ ምስጋናንና የተሰበረ ልብን ያስቀድማሉ። መሠዊያው ገና ሳይጠፋ፣ ቃል ራሱ መሥዋዕት ሊሆን እንደሚችል የመዝሙራቱ መጽሐፍ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሁለተኛው የግጥሙ አሠራር ነው። ሮበርት ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው ትምህርቱ እንዳሳየው፣ ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያውን ሐሳብ ይደግማል፣ ይቃረናል ወይም ያሰፋል። ቤት የሚመታው ድምፅ ሳይሆን ሐሳብ ነውና፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ብዙ አይጎድልበትም። የኢትዮጵያ ክርስቲያኖችም ቤተ እስራኤልም ዳዊትን በግእዝ ሲደግሙ የኖሩት በዚሁ አሠራር ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ ትንታኔያችሁን ከመጻፋችሁ በፊት መዝሙሩን በሁለት ድምፅ በሉት። መሪና ተቀባይ ያልተሰማበት ትንታኔ የግጥሙን እኩሌታ ብቻ የያዘ ነው።