የኩሬ ውኃ ኪሣራና የጎረቤት መብት



«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ተረት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ ለሚደፍር መንገደኛ ነው። እኔ ግን ዛሬ ይህንኑ ተረት በኩሬ ተጠራቅሞ ለተኛ ውኃ ልጠቅሰው እወዳለሁ። የኩሬ ውኃ ያለ ድምፅ ያልቃልና። የማዕድን ሥራ ባለበት ስፍራ ደግሞ ይህ ጸጥተኛ ኪሣራ የባለ ኩሬው ብቻ ሳይሆን ከወንዙ በታች የሚኖረው ጎረቤትም ኪሣራ ይሆናል። ስለዚህ የውኃ ፈቃድ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ የጠፋውም ውኃ እንደ ተወሰደ ውኃ ሊቆጠር እንደሚገባው ለማስረዳት አስቤአለሁ።

የጎጃምን ደጋ ያየ ሰው በዚያ አገር ስለ ውኃ ማነስ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ጨሞጋን፣ ሙጋን፣ ተምጫንና ሌሎችንም ብዙ ወንዞች ወደ ዓባይ ይሰድዳል። ደብረ ማርቆስም በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ታገኛለች። ነገር ግን የዚህ ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ያልቃል። በየካቲትና በመጋቢት ብዙው ጅረት ይቀጥናል፤ የከብቱ፣ የእንስራውና የመስኖው ወረፋ በአንዲት ቀጭን ውኃ ላይ ይገናኛል።

ከዚህ ምድር ሥር ደግሞ ሌላ ሀብት አለ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ በገደሉ ላይ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም በንብርብር ይታያል። በደጋውም ላይ ለመንገድና ለቤት ሥራ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ በየስፍራው ይፈለጣል፤ ይፈጫል። ይህ ሁሉ ሥራ ውኃ ይፈልጋል፤ ይኸውም አቧራ ለማብረድ፣ ጠጠር ለማጠብና መኪና ለማቀዝቀዝ ነው። ባለ ሥራውም የክረምቱን ውኃ ለበጋ ለማቆየት ኩሬ ይቈፍራል። ይህን በማድረጉ ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም። ጥያቄው ኩሬው ከተሞላ በኋላ ውኃው ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

የኩሬ ውኃ የሚጠፋባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፀሐይና ነፋስ የሚያነሡት ትነት ነው። አንድ ሄክታር ስፋት ያለው ኩሬ በበጋ ቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይተንበታል እንበል። አራት ሚሊ ሜትር ከሁለት የገብስ ቅንጣት ውፍረት ብዙም አይበልጥ ይሆናል። በሄክታሩ ስፋት ሲባዛ ግን 40 ሜትር ኩብ፣ ማለት 40 ሺህ ሊትር ይሆናል፤ ይህም 2 ሺህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ለአንድ የገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ብንመድብ፣ ያ ኩሬ በየቀኑ የ1,600 ሰዎችን ድርሻ ወደ ሰማይ ይሰድዳል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የሚጠፋው ተደምሮ ወደ አንድ ሜትር ጥልቀት ይጠጋል።

ሁለተኛው መንገድ ስርገት ነው። የጎጃም ዋልካ አፈር ርጥብ ሲሆን ውኃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በዋልካ የተለሰነ ኩሬ አንድ ጊዜ እስከ ታች ከደረቀ በሚቀጥለው ክረምት ውኃው በስንጥቁ ሊያመልጥ ይችላል። የኖራ ድንጋይና ጂፕሰምም በውኃ የሚሟሙ ናቸውና በእነርሱ ላይ የተቈፈረ ኩሬ ከሥሩ ዋሻ እየሠራ ሊያፈስ ይችላል።

ስርገት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ንጹሕ ውኃ ቢሰርግ ከታች ምንጭ ሆኖ ለጎረቤት ሊፈልቅ ይችላል። መድኃኒትና የማዕድን ዝቃጭ የተቀላቀለበት ውኃ ቢሰርግ ግን ከመጥፋቱ ይልቅ መድረሱ ያስፈራል። በጉጂ በለገደምቢ የወርቅ ማዕድን የአካባቢው ሕዝብ በጤናው ላይ ጉዳት እንደ ደረሰበት አቤት ብሎ፣ በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ እንዲታገድ መደረጉ የሚታወስ ነው። ስለዚህ «ስንት ሰረገ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ምን ይዞ ሰረገ?» የሚለውም መጠየቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ለመለካት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በኩሬው ውስጥ ምልክት የተደረገበት ዘንግ ይተከላል፤ በዳርቻውም የትነት መለኪያ ገበታ ይቀመጣል። ውኃ በማይገባበትና በማይቀዳበት ቀን ኩሬው ስንት እንደ ወረደ ይነበባል። ከገበታው የተነነው ከሰፊ ኩሬ ይልቅ ስለሚበዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ0.7 ይባዛል። ለምሳሌ ኩሬው 11 ሚሊ ሜትር ቢወርድና ገበታው 6 ቢያሳይ፣ ትነቱ 4.2፣ የቀረው 6.8 ደግሞ ስርገት ነው ማለት ነው። አንድ ጠንቃቃ ዘበኛና አንድ ደብተር ለዚህ ይበቃሉ።

የጠፋን ውኃ ከመካፈል በፊት መቁጠር አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ኢትዮጵያ ባልተጠራችበትና ባልተቀበለችው፣ ግብፅና ሱዳን በጥቅምት 1952 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል፣ አስዋን ከሚደርሰው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ላይ አስቀድመው 10 ቢሊዮኑን ለትነትና ለስርገት ቀነሱ፤ ከዚያ በኋላ 55.5ቱ ለግብፅ፣ 18.5ቱ ለሱዳን ተባለ። ከእኛ ደጋ የወረደውን ውኃ የተከፋፈሉት ሰዎች ፀሐይን እንደ ሦስተኛ ተካፋይ ቈጥረዋታል። እኛስ በገዛ ጅረታችን ላይ ፈቃድ ስንሰጥ ፀሐይን ስለ ምን እንረሳታለን?

ሕጋችን በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውኃ አጠቃቀም ለማኅበረሰቡ ቅድሚያ ሰጥቶአል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197ም ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ለቤት ፍጆታ የሚውለውም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንደሚቀድም ደንግጎአል። ይኸው አዋጅ በእጅ የተቈፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖን፣ ባህላዊ የከብት እርባታንና የውኃ ወፍጮን የመሳሰሉትን ከፈቃድ ግዴታ ነጻ አድርጎአል።

ለገበሬው የተደረገው ይህ ቸርነት አንድ ስውር ችግር አለው። ፈቃድ የማያስፈልገው ሰው ወረቀት የለውም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ በመዝገብ ላይ አይታይም። የማዕድን ባለፈቃድ ማመልከቻ ሲቀርብ ጅረቱ በፋይሉ ውስጥ ባለቤት የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በመስኩ ላይ ግን የውኃ አባት ተራ የሚያሲዝበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ እንስራ የሚሞላበት ጅረት ነው። እንግዲህ ያልተጻፈውን መብት የመጠበቅ ኃላፊነት በጸሐፊውና በመሐንዲሱ ላይ ይወድቃል።

ኪሣራውን የሚቀንሱ ዘዴዎችም አሉ። ኩሬ ሰፊና ጎድጓዳ ያልሆነ ከሚሆን ጠባብና ጥልቅ ቢሆን ፀሐይ የምታገኘው ፊት ያንሳል። በነፋሱ አቅጣጫ ዛፍ መትከል፣ ወለሉን በፕላስቲክ ሽፋን ወይም በሚገባ በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ማልበስ፣ ከሁሉም በላይ ጠጠር የታጠበበትን ውኃ አጥልሎ መልሶ መጠቀም ይጠቅማል። በመራዊ አጠገብ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ በሌሊት የሚፈሰው ውኃ በማደሪያ ኩሬዎች ተይዞ በቀን ይታደላል፤ ተጠቃሚዎቹም በማኅበር ተደራጅተዋል። ኩሬ የጋራ ሲሆን ጉድለቱን የሚያይ ዓይን ይበዛል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የምትመሩ ወገኖቼ፣ የማዕድን የውኃ ማመልከቻ በእጃችሁ ሲገባ ሦስት ጥያቄ ጻፉበት፤ በበጋ ከጅረቱ በታች ማን ይጠጣል? ከሚቀዳው ሌላ በትነትና በስርገት ስንት ይጠፋል? መለኪያውንስ ማን ያነብባል፤ ለማንስ ያሳውቃል? እነዚህ ሦስት መስመሮች ማዕድኑን አያስቀሩም። ነገር ግን በመጋቢት እንስራ ይዛ ወደ ጅረቱ የምትወርደዋን ሴት፣ ስሟ ባይጻፍም፣ በፋይሉ ውስጥ ያኖሯታል።