ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ለማጥመድ ስንወርድ ምን እንያዝ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



«ለጡረተኛ የሚጠቅም ነገር ተናገሩ» በተባልን ጊዜ ብዙ ሳናወጣ ሳናወርድ የመረጥነው የመንጠቆን ነገር ነው። እንደምታውቁት ከአባላቱ መካከል አምስት ስድስት የምንሆን ሰዎች፣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ከማየት ይሻላል ብለን ጠዋት ጠዋት ወደ አሞራ ገደል እየወረድን እናጠምዳለን። አሁን ደግሞ ሌሎችም «እኛንም ውሰዱን» ብላችኋል፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን አንዳንዱ ወንድማችን የጡረታ ገንዘቡን ለሚያብረቀርቅ ዘንግ ሊያወጣ ሲሰናዳ ስላየን፣ ብሩ ከኪስ ሳይወጣ እንነጋገር።

ዕቃ ከመግዛት በፊት የምንይዘውን ዓሣ ማወቅ ያስፈልጋል። በሐይቃችን ለገበያ የሚወጡት ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ቢልጫም የሚባለው። ቆሮሶ ካደገ በኋላ አብዛኛው ምግቡ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ተክል ነው። አምባዛ ግን ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ይልቁንም ሌሊት ይንቀሳቀሳል። አየርም ከውኃ በላይ ስለሚስብ ከወጣ በኋላ ቶሎ አይሞትም። እንግዲህ ለእነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕቃ አይሆንም።

በፊልም የምታዩት ፈረንጅ ረጅም ዘንግ እንደ ጅራፍ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ የሚያጠምደው፣ በመንጠቆው ላይ ላባና ክር አስሮ ዝንብ አስመስሎ ነው። ይህ ለሌላ ዓሣ የተሠራ ነው። በአሜሪካን አገር ሻድ የሚሉት ዓሣ በየጸደዩ ከባሕር ወደ ወንዝ ሲወጣ እንዲህ ባለው ነገር ይያዛል። በአገራችንም ቢሆን በ1960ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራራ ወንዞች፣ በእነ ዌብና ዳንካ የተለቀቀው ትራውት በላባ ይታለላል። የእኛ ቆሮሶ ግን አረንጓዴ ነገር ሲግጥ የሚውል ነውና ላባውን ዞር ብሎም ላያየው ይችላል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከውጭ አገር እንዲህ ያለውን ዘንግ «እንላክላችሁ» ቢሉ፣ መድኃኒት ወይም መነጽር ቢልኩ ይሻላል ባይ ነን።

ለጀማሪ ዘንጉ ቀርከሃ ይሁን። ከሲዳማ ደጋ፣ ከነሁላና ከአርቤጎና የሚወርደው ቀርከሃ ጠንካራ ነው። ሦስት ወይም አራት ሜትር የሚሆን፣ ጫፉ ቀጠን ብሎ የሚታጠፍ ይመረጥ። እርጥቡ ከባድ ስለሆነ ለጥቂት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይድረቅ እንጂ ፀሐይ ላይ አይጣል፤ ይሰነጠቃል። የናይሎኑን ክር ዘንጉን ያህል አስረዝማችሁ ጫፉ ላይ እሰሩ፣ በቃ። ማጠንጠኛ አያስፈልግም። ማጠንጠኛ ያለው ሰው ግማሹን ቀን የተወሳሰበ ክር ሲፈታ ነው የሚውለው፤ አይተናል።

ክሩ ለቆሮሶ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይበቃዋል። ለአምባዛ እጥፉ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መንጠቆ አፉ ውስጥ ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ መንጠቆው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመንጠቆ ቁጥር እንደ ጫማ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 10 ከቁጥር 4 ያነሰ ነው፤ 1 ላይ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ዜሮ እየተጨመረበት፣ 1/0፣ 2/0 እየተባለ ይተልቃል። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቁጥር ያሳለፍን ሰዎች እንኳ ይህን ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብናል። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነውና 8 ወይም 10 ግዙ። ለአምባዛ 1/0 ወይም ከዚያ የተለቀ ይሁን። ባለሱቁ ቁጥሩን ባያውቀው፣ ለቆሮሶ የትንሿ ጣት ጥፍር የሚያህለውን አሳዩት።

ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ የሽንብራ ፍሬ የምታህል እርሳስ ቆንጥጡበት። ለመንሳፈፊያ የጠርሙስ ቡሽ በቂ ነው። ቡሹ ዝቅ ካለ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው፤ እንደ ውኃ ባልዲ መሳብ ክር ያስበጥሳል። ክሩን መንጠቆው ላይ ስትቋጥሩ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥማችሁ፣ ጫፉን በመጀመሪያው ቀለበት አሳልፋችሁ፣ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ ይግላል፤ የጋለ ክር ደግሞ ይደክማል።

ማታለያው የመሬት ትል ነው። ሊጥም ይሆናል፤ ግን ቶሎ ይሟሟል። አንዳንድ ቀን ትሉ እያለ ቆሮሶ ንክች አይልም። እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ እናት ዓሣ ናት፤ በዚያን ጊዜ እምብዛም አትበላም። ከያዛችኋት አፏን ተመልከቱ፤ ልጆች ካሉበት በእርጥብ እጅ ይዛችሁ መልሷት። መዳፍ የማትሞላውንም ትንሽ ዓሣ እንዲሁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሐይቅ ባዶ እንዳይቀር ነው። ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ስንጫወት ሁልጊዜ የሚያነሱት ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ጫጩቱን ጠርጎ መውሰዱን ነው። የእኛ መንጠቆ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፤ ቢሆንም እንጠንቀቅ።

አምባዛ የያዘ ሰው በክንፉ ሥር ያለውን እሾህ ይጠብቅ፤ ይወጋል። ቅርፊት የለውም ብላችሁ የማትበሉትም ለጎረቤት ትሰጣላችሁ። ትልልቁን ነጭ ዓሣ በተመለከተ ግን ተመራማሪዎች በሥጋው ውስጥ ከፍ ያለ ሜርኩሪ አግኝተዋልና፣ ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ባሉበት ቤት አዘውትሮ ባይበላ መልካም ነው። ቆሮሶ በዚህ ረገድ ደህና ነው።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ውኃው ውስጥ አትግቡ። የፈረንጁ አጥማጅ እስከ ወገቡ ድረስ ላስቲክ ለብሶ ይገባል፤ እኛ ጉማሬ አለብን። ጉማሬ ጠዋትና ማታ ቄጠማው ዳር ይኖራልና ቄጠማ በተቆጠቆጠበት ቦታ አትቁሙ። ቢልሃርዚያም በዚህ ሐይቅ አለ፤ በባዶ እግር ውኃ የነካ ሁሉ ሊይዘው ይችላል። በጀልባ መውጣት ያማራችሁም ቢሆን ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚነሣበት አትርሱ። የዕድሩ ድንኳን በሐይቁ ሰበብ እንዲተከል አንፈልግም፤ ሣጥኑም ባለበት ይቀመጥ።

የተበጠሰ ክር መሬት ላይ አትጣሉ። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲለቃቅሙ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል፤ እነሱን ለማየት ነው እንግዳ ሁሉ የሚመጣው።

እንግዲህ የመጪው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዕድሩ ቤት በር እንገናኝ። ባርኔጣ፣ የተጠቀለለ ክር፣ አምስት ቁጥር 8 መንጠቆ፣ አንድ ቡሽ፣ ቢላዋና የጨው ብልቃጥ ይዛችሁ ኑ። ቀርከሃ ያላደረሰ ሰው ከእኛ ይዋሳል፤ አራት ትርፍ አለን። ትሉን ዓርብ ማታ ከእንሰቱ ሥር ቆፍረን እናመጣለን።